ጎማ ያላቸው ሦስት ገንዳዎች

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ የታክሲ ነጂውን ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ማክሰኞ ነው፣ ረፋዱ ላይ። የደወለው የከተማው ምክር ቤት በር ጠባቂ ነው።

"እትዬ፣ የፖስተኛው እህት ነዎት?"

"ነኝ። ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላ?"

ጠባቂው ከማንም እንዳልተጣላ፣ ተራውን አስመዝግቦ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ትንሽ ልረፍ ብሎ ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነገራት። ሲቀሰቅሱት አልነቃም። ሐኪም ተጠርቶ መጥቷል፤ ግን የሚደረግ ነገር አልነበረም።

"እንቅልፍ የወሰዳቸው ነበር የመሰለን፤ እግዜር ያጽናዎት" አላት።

"እሺ" አለችው። ስልኩን አስቀመጠች፣ የጀመረችውን ስፌት እስከ ጫፉ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ የስፌት መኪናውን መብራት አጠፋች፤ ከዚያ ተነሣች።

ወንድሟ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ከፖስተኛው ሌላ ስም አላወጣለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል የማን በር እንደሚከፈት፣ የማን በር በስንት ማንኳኳት እንደሚከፈት በቃሉ ይዞታል። ሥራው ሲያልቅ እግሮቹ አላመኑም። ጧት ተነሥተው ይወጣሉ፣ እሱም ይከተላቸዋል። የሚያደርሰው ደብዳቤ ቢያጣ፣ ማንም ሳይሾመው፣ ከእህቱ ጋር የሚኖርበት ሕንጻ ሥር የቆሙትን ሦስት ትልልቅ የቆሻሻ ገንዳዎች ተረከበ።

ምክር ቤቱ ቆሻሻ ተለይቶ ይጣል ብሎ ከወሰነ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሰማያዊው ገንዳ ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክና ለቆርቆሮ፣ ቡናማው ለምግብ ትርፍራፊ። ውሳኔውን የሚያብራራ አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ በየቤቱ ታድሎ ነበር። ሰፈሩ ብርጭቆ ጠቀለለበት፣ መስኮት ወለወለበት። አሥራ አንዱንም ገጽ ያነበበ አንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ታክሲ ነጂ ዋና ደንበኛው ነበር። አንድ ጧት አንድ ድፍን ከረጢት ይዞ ሲወርድ ያዘው።

"ጎረቤት፣ ይሄ ምንድነው?"

"ቆሻሻ ነዋ!"

"ምን ዓይነት ቆሻሻ?"

"አባባ፣ ደግሞ ቆሻሻም ዘር አለው እንዴ?"

"ስማ፣ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚገባው። ግን ሁሉም አንድ ቤት አይሄድም።"

"እና የኔ የሙዝ ልጣጭ አድራሻው የት ነው?"

"ቡናማው። ፍታው፣ አብረን እናድላለን።"

ከዚያ ወዲህ ታክሲ ነጂው በመስኮት ብቅ እያለ፣ "አባባ! ለዘይት ጠርሙስ ደብዳቤ መጥቷል?" እያለ ይጮህ ነበር። ፖስተኛውም ከታች፣ "ክዳኑን ለይተህ አውርደው፣ ለየብቻ ነው የሚሄዱት!" ይለዋል። እህቱ ይህን እየሰማች መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትስቃለች። ፊት ለፊት ግን አትምረውም። "ጋሼ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከሰው ደጃፍ አልጠፋህም፤ አሁን ደግሞ ከሰው ቆሻሻ አልጠፋህም" ትለዋለች። እሱ እጁን ይታጠባል፣ ይስቃል፣ ይቀመጣል። ከአራተኛ ፎቅ ሲወርድም ሲወጣም ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ እየቆመ ያርፍ ነበር። እሷ ወሬ እየለቀመ ነው ትል ነበር።

ኋላ የቤቱ ነገር መጣ። ከሕንጻው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ምክር ቤቱ አርባ ስምንት መኖሪያ ቤት ሊሠራ መወሰኑ ተሰማ። ግማሹ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ተቃወመ፤ ፀሐይ ይጋረድብናል፣ ጫጫታ ይበዛብናል ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። ሁሉም ፖስተኛው ቀድሞ ይፈርማል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ እሱ ግን እስክሪብቶውን አልነካም።

"ዳቦ ቤት የምትሠራዋ ሴትዮ ከሦስት ልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቃ እየኖረች፣ እኔ በመስኮት የማየው ነገር እንዳይጎድልብኝ ሜዳው ባዶ ይቀመጥ? ቤቱ ይሠራ፣ ሰው ይግባበት" አለ።

ዕቅዱን ግን ሄዶ አየው። አሥራ አንድ ገጽ ያነበበ ሰው ዕቅድ ሳያይ አይቀርም። በአሮጌው ሕንጻና በአዲሱ መካከል የሚቀረው ረጅም ስፍራ "መኪና ማቆሚያ" ተብሎ ተጽፎበታል። ስፍራው ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፣ ትልልቅ ሰዎች ቆሻሻቸውን ጥለው ሲመለሱ ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ነው። ለምን መዝናኛ አይሆንም ብሎ ጠየቀ። ደንቡ አይፈቅድም ተባለ፤ የሕዝብ መዝናኛ ለመባል ወርዱ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሜትር መሆን አለበት፣ ይሄኛው አሥር ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ነው።

ፖስተኛው ያንን ስፍራ ሠላሳ አንድ ዓመት አቋርጦታል። ቁጥሩ እግሩ ከሚያውቀው ጋር አልገጠመም። ቤት መጣና ከእህቱ አንገት ላይ የልብስ መለኪያዋን አወለቀ።

"ጋሼ! ቀሚስ እየለካሁ እኮ ነው!"

"እኔም የምለካው ቀሚስ ነው፣ ትልቅ ቀሚስ" ብሎ ጠመኔዋንም ጨምሮ ወረደ።

እሷ በመስኮት ሆና አየችው። መለኪያው አንድ ሜትር ተኩል ነው። ታክሲ ነጂው አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ ፖስተኛው ሌላውን ይዞ ይዘረጋል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ያጎነብሳል። መጀመሪያ የምክር ቤቱ ቀያሾች ለአዲሱ ሕንጻ ከተከሉት ችካል ተነሥተው ገንዳዎቹ ድረስ ለኩ። ልክ አሥር ሜትር ከአርባ ሆነ። ፖስተኛው ቀና ብሎ ገንዳዎቹን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ምን አገኛችሁ?" ብላ ጮኸች።

"ቀያሾቹ ገንዳ ድረስ ነው የለኩት! የሕንጻችን ግድግዳ እኮ ከገንዳው ጀርባ ነው!"

ሁለቱ ሆነው ሦስቱንም ገንዳ እየገፉ ወደ ጎን አንከባለሉና እንደገና ለኩ። "ስምንት ጊዜ ከአራት ጣት!" አለ ታክሲ ነጂው። አሥራ ሁለት ሜትር ከአራት ጣት ማለት ነው።

"መለኪያዬን ገንዳው ላይ እንዳታሳርፉት!" አለች እሷ። ያን ቀን የከነከናት ይኸው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ፖስተኛው ቀያሹን ቢሮው ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ቀያሹ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። "አባባ፣ ገንዳዎቹ የጽዳት ክፍል ንብረት ናቸው። እኛ የቤቶች ክፍል ነን። የሌላ ክፍል ንብረት ለመንካት ደብዳቤ ያስፈልጋል" አለው።

"ልጄ፣ ጎማ አላቸው እኮ!"

"ጎማውም የጽዳት ክፍል ነው።"

ፖስተኛው ይህን ለእህቱ ሲነግራት ሳቁ እያቋረጠው ሦስት ጊዜ ጀመረው። ወዲያው ግን ማመልከቻ ጻፈ። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ቀን ነዋሪ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ማክሰኞ ጧት ሊመዘገብ ሄደ። ተመዘገበም።

ከቀብሩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከሸሚዙ ኪስ ሁለት ነገር አገኘች፤ ቁራጭ ጠመኔና ትንሽ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ "ሐሙስ፣ አጀንዳ ሦስት፣ ተናጋሪ አራት" ይላል። ስብሰባው ገና አምስት ቀን ይቀረዋል። ለጠባቂው ደወለችና ይህ ተራ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው።

"ቤተሰብ ሊናገርላቸው ይችላል፣ እትዬ። ሰው ካልመጣ ግን ይዘለላል። ከተዘለለ ዕቅዱ እንዳለ ይጸድቃል፤ መኪና ማቆሚያ ይሆናል ማለት ነው።"

እሷ ደግሞ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የምትውል ሴት ምን ታወራለች? ደንበኞቿ ያወራሉ፣ እሷ "እም" ትላለች። ወረቀቱን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ደግሞ አወጣችው።

ረቡዕ ጧት ታክሲ ነጂው ሱሪውን ሊወስድ መጣ። በእጁ ሦስት ከረጢት አንጠልጥሏል፣ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የፕላስቲክ፣ አንዱ የትርፍራፊ። በሩ ላይ ቆሞ አንድ የጥርስ ሳሙና ቱቦ አሳያት።

"እትዬ፣ ይሄኛው የት ነው የሚገባው? አባባን ልጠይቅ..." አለና አቆመ።

"ቢጫው" አለች። "አጥበኸው፣ ክዳኑን ለይተህ።"

ይህን እንደምታውቅ እሷም አላወቀችም ነበር።

"ሐሙስ ሥራ የለኝም፣ አደርስዎታለሁ" አላት።

"ማን እሄዳለሁ አለህ?"

"እኔ ምን ወጣኝ? አደርስዎታለሁ ነው ያልኩት።"

"ሱሪህን ውሰድ።"

ሐሙስ መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወረደች። ታክሲው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል።

የምክር ቤቱ አዳራሽ እንደጠበቀችው አያስፈራም። ወንበሮቹ ጨርቃቸው ተበልቷል፤ አንዱ ስፌቱ ተተርትሮ ስታይ እጇን በላት። ተናጋሪው ፊት ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ የሚበራ ቀይ መብራት አለ። ከእሷ በፊት አንድ ሰውዬ መብራቱ በርቶበት እንኳ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሲያወራ፣ ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ፣ "የውሻው ነገር ሌላ ቀን ይሰማል፣ እርስዎ ግን ይቀመጡ" አለችው።

"ተናጋሪ አራት" ተባለ። ተነሣች።

ሰብሳቢዋ ወረቀቷን አየችና፣ "የተመዘገቡት ሌላ ሰው ናቸው" አለቻት።

"ወንድሜ ነው። እሱ አልተመቸውም" አለች ልብስ ሰፊዋ። ከኋላ ታክሲ ነጂው አቀረቀረ።

ሦስት ደቂቃ ለእሷ ብዙ ነበር። መለኪያዋን አውጥታ ከፍ አድርጋ ያዘች። "ዕቅዱ ላይ ያለው አሥር ሜትር ከአርባ፣ ገንዳዎቹ ድረስ ነው። ገንዳዎቹ ሲነሡ አሥራ ሁለት ሜትር ከአራት ጣት ነው። በዚህ ነው የተለካው። ገንዳዎቹ ጎማ አላቸው።" አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ቤቱ ይሠራ። ገንዳዎቹ በሩ አጠገብ ቢሄዱ ለጭነት መኪናውም ይቀርበዋል። በመሐል ያለው ለልጆች ኳስ ይቅር፤ ለትልልቅ ሰው ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ሰው ቆሻሻ ይዞ ወርዶ የሚያርፍበት የለውም።"

የቤቶች ክፍል ኃላፊ እጁን አወጣ። ክራቫቱ አጭር ነው፤ ሳትፈልግ በዓይኗ ለካችው።

"በታላቅ አክብሮት፣ እትዬ፣ ይሄ የጨርቅ ሜትር ነው። ሲቆይ ይለጠጣል። ምክር ቤቱ በተለጠጠ ሜትር ሊወስን አይችልም።"

ታክሲ ነጂው አለቀልን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። በልብስ ሰፊዋ ፊት ላይ ግን ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ ቢጤ ታየ። በገዛ ሙያዋ መጥቶባታል።

"ጌታዬ፣ ልክ ብለዋል፣ ሃያ ዓመት የያዝኩት ነው፣ ሳይለጠጥ አይቀርም። የተለጠጠ ሜትር ግን አሥራ ሁለት ካለ፣ ስፍራው ከአሥራ ሁለት ይበልጣል እንጂ አያንስም። በዚህ ለክቼ የሰፋሁት ሱሪ ረዘመብኝ ያለኝ አለ። አጠረብኝ ያለኝ ግን የለም።"

ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ ሰብሳቢዋ ድረስ ደረሰ። ሰብሳቢዋ ወደ ጽዳት ክፍል ኃላፊ ዞረች።

"ገንዳዎቹን ማንሣት ይቻላል?"

"ይቻላል። የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም።"

"እንግዲህ ዛሬ ተጠየቃችሁ።" ቀያሹም ወደፊት ተጠርቶ፣ ገንዳው ድረስ መለካቱን አንገቱን ደፍቶ አመነ። ድምፅ ተሰጠ፤ ስምንት ደገፉ፣ ሦስት ተቃወሙ። ቤቶቹ ይሠሩ፣ ገንዳዎቹ ወደ በሩ ይዛወሩ፣ መካከሉ የሕዝብ መዝናኛ ይሁን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ዥዋዥዌ ይተከልበት ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቀዩ መብራት ሳይበራባት ነው የወረደችው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አልቆልናል ብዬ ነበር!" አላት ታክሲ ነጂው መኪናው ውስጥ።

"ሱሪህ ስንት ጊዜ ነው የረዘመብህ?"

"ሁልጊዜ!"

"ታዲያ ዓይንህን ለምን ጨፈንክ?"

ያን ቀን አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። የሚለቀም ወሬ አልነበረም።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አልፏል። አዲሱ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል፤ ዳቦ ቤት የምትሠራዋ ሴትዮም ስሟ ዝርዝሩ ላይ ወጥቷል። ቤቶች ክፍል ለጽዳት ክፍል ደብዳቤ ጽፏል፤ ጽዳት ክፍልም አባሪው ጎድሏል ብሎ መልሶታል። አንድ እሑድ ታክሲ ነጂው ጎረቤት አስተባብሮ ሦስቱንም ገንዳ ወደ በሩ ገፍቶ ነበር። ሰኞ ጧት የጭነት መኪናው ሠራተኞች ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው የድሮው ቦታ ነው ብለው መልሰው ገፏቸው። ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ማክሰኞ ምክር ቤቱ ድረስ እየሄደች ደብዳቤው የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። ጠባቂው ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር ያቀርብላታል፤ እሷ ቆማ ትጠብቃለች።

ገንዳዎቹ ገና አልተነሡም። አግዳሚ ወንበሩም አልተተከለም።