ይርጋ በወረቀት ላይ ሲራመድ

የተቃጠለ ማሽላና የግራር ሙጫ ሽታ አሁንም በድንገት ይመጣብኛል፤ ሰው ማሳው ጥግ አገዳ ሲያቃጥል ወይ ዝናብ በነካው ግራር ሥር ሳልፍ፣ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ይጠፋኝና ቆም እላለሁ። አባቴ ቀለም የሚበጠብጡት እንዲህ ነበር፤ ማሽላውን አሳርረው፣ ወቅጠው፣ በሙጫ ለውሰው። የደጋ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ጣሊያን የገባ ጊዜ አገር ሲበተን እናቴን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይርጋን ይዘው መተማ ወረዱ፤ እዚያ ሥዕል የሚያሠራ ስላልነበረ ሰሊጥ አጫጅ ሆኑ።

በበጋ ሥራ ሲጠፋ ሐጂ ኡስማን ሱቅ በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሐጂ ከወሰኑ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ስኳርና ጨርቅ የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ልጅ ሁሉ ለሳቸው በዐረብኛ «ያ ወለድ»፣ «አንተ ልጅ» ነበር፣ እኔም ሴቷ ጭምር። አንድ ቀን ከካርቱም የመጣች መዳፍ የማትሞላ ጥራዝ አወጡና ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጉት፣ ውስጧ የተሳለው ሰውዬ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለን! ይርጋ ጮኸ። አባቴ ጥራዟን ተቀብለው ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ሲያይዋት ዋሉ።

«ገባኝ» አሉ በመጨረሻ፤ «አንዱ ሥዕል ካንዱ የሚለየው በፀጉር ያህል ነው። የቀረውን የሚሞላው የኛው ዓይን ነው።»

«ታዲያ አይሞክሩትም? ወይስ የሚታዘዙልዎ ቅዱሳን ብቻ ናቸው?» አሏቸው ሐጂ እየሳቁ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት እየቆረጡ፣ ከጣሪያ የምትወድቅ የጨርቅ ኳስ ሣሉ። እኩል እኩል እያራራቁ ቢስሏት በገመድ የሚያወርዷት መሰለች፤ ከላይ ስትነሣ ቀረብ ቀረብ፣ መሬት ስትጠጋ ራቅ ራቅ አድርገው ሲደግሟት ግን በእርግጥ ወደቀች፤ መሬቱን ስትነካም ጠፍጠፍ ቢያደርጓት ነጠረች። ይርጋ ኳሷን ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

ክረምቱ ገብቶ ውሃው ሜዳው ላይ ሲተኛ ይርጋን ንዳድ ጣለው። በፊት ኪኒን የሚያመጡልን ሐጂ ነበሩ፤ በዚያ ክረምት ግን ጣሊያንና እንግሊዝ በወሰኑ ላይ መድፍ ተታኮሱና መንገዱ ተዘጋ። ሐጂ ባዶ መደርደሪያቸውን እያሳዩ፣ «ማዶ ዓይኔ እያየው እጄ አይደርስም» አሉ። እናቴ ጨርቅ እያራሰች ግንባሩ ላይ ታደርግ ነበር፤ ሌላ ምን ታድርግ። ንዳዱ ሄዶ ሄዶ ሲመለስ እግሩ ከዳው።

«አባዬ፣ እኔን ይሳሉኝ» አለ አንድ ጠዋት። «ስሄድ።»

እሺ አሉት። ግን በሳቸው ሙያ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው፤ በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ሲራመድ የሚያምረው ደግሞ በጎን የተሳለ ሰው ነው።

«ይኸ እኮ ቤተ መቅደስ አይደለም፣ የስኳር ወረቀት ነው» አለቻቸው እናቴ።

«እጄ እንቢ አለኝ» አሉ። «ልጄን ከይሁዳ ጎን አላቆመውም።»

ስለዚህ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ ከሩቁ ግራር ተነሥቶ ወደ ቤታችን ሲመጣ፣ በየቅጠሉ ትንሽ ትንሽ እያደገ ሊስሉት ቆረጡ። እርምጃውን የሚያሳያቸው ሰው ስለቸገራቸው እኔን ጠሩኝ። «ነይ ዘርፌ። ቁሚ! እግርሽን እንዳነሣሽ ቆዪ።» ባንድ እግሬ ስንገዳገድ ይርጋ ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ «ጅግራ! እንደ ጅግራ ነው የምትሄጂው!» እያለ በዚያ በደከመ ድምፁ ይስቅብኝ ነበር።

ሰሊጡ ሲደርስ አባቴ ቀን አጨዳ እየዋሉ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ መጥተው ይስሉ ጀመር።

«አሁን የት ደረስኩ?» ይላቸዋል።

«ገና ነህ። ግራሩን አለፍክ።»

«ፈጠን አያደርጉኝም?»

ልጁ እየከሳ ሲሄድ አባቴ ፈሩና ቅጠል እየዘለሉ ሣሉት፤ ሲያገላብጡት ግን ይርጋ የበረገገ ሚዳቋ ሆኖ ከቦታ ቦታ ዘለለ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ቅጠል ይፈልጋል፤ ማሳጠሪያ የለውም። ቀደው ጣሉና እንደገና ጀመሩ፤ እናቴም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያለቀ ለት ወረቀቱን ጠርዘው፣ ራሱን ደግፈው ቀና አደረጉትና አገላበጡለት። ትንሹ ይርጋ ከግራሩ ሥር ወጣ፣ መጣ፣ መጣ፣ ደጃችን ደረሰ። ታማሚው በዓይኑ ተከተለው።

«ፊቱ የኔ ነው» አለ። «አካሄዱ የዘርፌ ነው።»

አባቴ የሱን አረማመድ ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ጨፈኑ። በየቀኑ ሲወጣ ሲገባ ያዩት ልጃቸው፣ አካሄዱ አልመጣላቸው አለ። ከእንባቸው ጋር ሲታገሉ ይርጋ እጃቸውን ነካ አደረገና፣ «ግድ የለም አባዬ፤ ደግመው ያገላብጡልኝ» አላቸው።

ደገሙለት። ሰሊጡ ሳይወቃ ሞተ። ይርጋ የሚራመድባትን ጥራዝ በዓመቱ ምስጥ በላት።

ባለፈው የልጅ ልጄ ትንሽ ልጇን ንዳድ ቢይዛት ጤና ጣቢያ ወስዳ፣ መድኃኒት አውጥታ፣ በሳምንቱ በግቢው ውስጥ ስትሮጥ በስልኳ ቀረጸቻትና አሳየችኝ። ልጅቱ ከስልኩ ውስጥ ወደኔ መጣች፤ ፊቱም የሷ፣ እርምጃውም የሷ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ይርጋን በዓይነ ኅሊናዬ በጠራሁት ቁጥር ወደኔ የሚመጣው በኔ እግር ነው።