አማቴ ጤና ጣቢያ የከሰሱኝ ቀን

ባለፈው በጋ ነው። ነርሷ የአማቴን ጀርባ ገልጣ አየችና ዞር ብላ እኔን አየችኝ። "እናት፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁን" አለችኝ። ያኔ ነው ጉድ መምጣቱ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ወገባቸውን ያማቸዋል። ከናዝሬት ብዙ የማይርቅ ፍል ውሃ ወሰድኳቸው። "የሚያድነው የሚፋጀው ነው" ብለው ምንጩ አፍ ስር ተቀመጡ። ብል ብሠራ አልወጣ አሉ፤ ጀርባቸው ተላጠ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ደግሞ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነርሷ የጠየቀቻቸውን ሁሉ እኔ መለስኩ። ለካ እሱም ያስጠረጥራል።

በሩ ተዘጋ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አማቴ ካልጮኹላቸው አይሰሙም፤ እሳቸውም ሲመልሱ ይጮኻሉ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል።

"እማማ፣ ምራትዎ ይመቱዎታል?"

"ኧረ አትመታኝም!"

እፎይ አልኩ።

"ጨው ነው የከለከለችኝ! ሥጋ ካየሁም ቆየሁ! ጠዋት ጠዋት ደግሞ እያፈጠጠች የሆነ ነገር ታስውጠኛለች!"

አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ልጇን አቅፋ ፈቀቅ አለች። አንድ ሽማግሌ "አይ ዘመን! ስትታይ ደግሞ ሰው ትመስላለች" አሉ። ዘበኛው ወንበሩን ጎትቶ መውጫው ላይ ተቀመጠ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው በር ተዘግቶባቸው ሲያለቅሱ ታየኝ። "ወላሂ!" እያልኩ መማል ጀመርኩ፤ ማን ይስማኝ።

"የሚያስውጡዎት ምንድነው እማማ?"

ከጉያቸው አውጥተው አሳዩዋት መሰለኝ፣ ቀጥሎ የሰማሁት የነርሷን ሳቅ ነው።

"ይሄማ እኛው የሰጠንዎት የደም ግፊት ኪኒን ነው! ጨውም የከለከልንዎት እኛ ነን!"

ጠርታ አስገባችኝ። የፍል ውሃውንም እማ ራሳቸው ነግረዋታል። "አይቀየሙኝ፤ ነገም እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ መጠየቄ አይቀርም" አለችኝ።

"ጠይቂ ልጄ፣ ብቻ ቀስ ብለሽ" አልኳት።

ባጃጅ ውስጥ "እማ፣ ምን በደልኩዎት?" ብላቸው፣ "ምን ላርግ፣ ነርሷ ጨው ትፈቅድልኛለች ብዬ ነዋ!" አሉኝ።

ቤት ስንደርስ ልጆቼ ገና አልመጡም ነበር። በሬን በገዛ እጄ ከፈትኩ። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ገባሁ። አሁን ሳስበው ነርሷን እመርቃታለሁ፤ እኔም አርጅቼ ምራት እጅ ስወድቅ እንደሷ የሚጠይቅልኝ ሰው አይጥፋ።

ጨዉን ግን ቆልፌበታለሁ።