ኮረሪማ የሚሸተው ዲስክ

ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ የአባቴን ሃርድ ዲስክ አገኘሁና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ዛሬም ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል።

አባቴ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ፎቶ ቤት ነበረው። ሱቁ ቢዘረፍ እንኳ ቤት ያለው ይተርፋል ብሎ የደንበኞቹን ፎቶ ሁሉ በዚህ ዲስክ ይገለብጥና ለእናቴ ይሰጣታል። እሷ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ኮረሪማ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከሥር ትቀብረዋለች። በቤታችን አቧራም እርጥበትም የማይገባው ዕቃ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌባስ ቢሆን ኮረሪማ ምን ያደርግለታል?

አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ የሱቁ ኮምፒውተር ተቃጠለ። በማግስቱ የሰርግ ፎቶዋን የምትወስድ ሙሽራ ነበረች። አባቷ ሰርጓ ባለፈ በሳምንቱ አርፈዋል፤ የመጨረሻ ፎቷቸው እዚያ ውስጥ ነው። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ ቤት ሲገባ ቆርቆሮው ቦታው ላይ የለም።

«ጎረቤታችን ሳንሱሲ ያለችው ልጇ ወልዳ፣ ለቅቤ ማንጠሪያ ኮረሪማ ስትጠይቀኝ ከነቆርቆሮው ሰጠኋት» አለች አብራን የምትኖረው አክስቴ። «ለአራስ ተቆጥሮ ይሰጣል እንዴ?»

እኔና እናቴ በታክሲ ሳንሱሲ ሄድን። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ግን አራስ ቤት ገብቶ የሰጡትን መልሱ ማለት እንዴት ይሆናል? እናቴ ተረጋግታ ተቀመጠች። ገንፎ ቀረበ። አባቴ ይደውላል፣ ይደውላል።

«እየበላሁ ነው!» ብላ ዘጋችበት። እኔ ገንፎውን ትቼ ቆርቆሮውን አያለሁ።

በልታ፣ ሕፃኑን መርቃ ስታበቃ ወደ አራሷ ጠጋ አለች። «የኔ ልጅ፣ ከኮረሪማው ሥር የባለቤቴ ዕቃ አለች። እሷን ብቻ ልውሰድ፣ ሌላው ያንቺ ነው።»

ማታውን አባቴ በተዋሰው ኮምፒውተር ዲስኩን ሲከፍት የሙሽራዋ አባት እየሳቁ ብቅ አሉ። አባቴ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ካሜራውን አነሳ።

«ነይማ፣ ዛሬስ አንቺን ነው የማነሳው» አላት እናቴን።

«በዚህ ልብስ? ሌላ ቀን፣ ደህና ለብሼ» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እሱም ካሜራውን አስቀመጠ።

አሁን ስልኬ ፎቶዎቼን ሳልነግረው ራሱ ያስቀምጥልኛል። ዲስኩ ውስጥ ግን ግማሹ ኮልፌ አለ፤ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ክርስትና የሚነሳው ሕፃን። እናቴ ከአንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በቀር የለችም። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ አጣናት። በጣም ትናፍቀኛለች።

ዲስኩን መልሼ በላስቲክ ጠቀለልኩት፤ ሽታው እንዳይወጣ።