ለአሰልጣኝነት ወረቀት ከዲላ እስከ ሐዋሳ

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ዲላ መናኸሪያ

ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ተሳፋሪ ሲሆን መከራ ነው። ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ጀመር። ወገቤም ከሾፌሩ ጋር አልተስማማም። ከአራት ዓመት በፊት መኪናዬ ተገልብጦ ወገቤ ተጎድቶ ነበር፤ ሰባት ወር አልጋ ላይ ስተኛ ብብቴን ይዛ እያነሳች ያስቀመጠችኝ ባለቤቴ ዘነበች ናት። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ሲለኝ መጀመሪያ እስከ በራችን፣ ቀጥሎ እስከ ኳስ ሜዳው፣ በመጨረሻም ሜዳውን ዞሬ መራመድ ቻልኩ። ስፖርት አዳነኝ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላምና፣ ስኳርና ደም ግፊት ያደከማቸው ጎረቤቶቼ አንድ ሁለት እያሉ ይከተሉኝ ጀመር። ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው። ባለፈው ወር ግን የሜዳው ኃላፊ፣ የአሰልጣኝነት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ከእንግዲህ እዚህ ማንንም አያሠራም አለኝ። ወረቀቱን ሳልይዝ ከተመለስኩ አሥራ አንዱም ወደየወንበራቸው ይመለሳሉ። የሐዋሳ የአሥር ቀን ሥልጠና ለዚህ ነው።

ጩኮ ላይ አናናስ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ አንድ ገዛሁ። አፖስቶ ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ጨመረ። ከዚያ በኋላ አናናሱን ታቅፌ፣ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ነው ሐዋሳ የገባሁት።

ሐዋሳ፣ ታቦር

የተከራየሁት ክፍል ታቦር ሰፈር ነው፤ ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ ጉልበት የለኝም። ጠዋት ባጃጅ፣ ቀን ንድፈ ሐሳብ፣ ከሰዓት ሜዳ። አብረውኝ የሚሠለጥኑት በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ። እነሱ በስልካቸው ጽፈው ሲጨርሱ እኔ ገና መነጽሬን እፈልጋለሁ። የጽሑፍ ፈተናውን ማለፌ ለራሴም ገርሞኛል።

የተግባር ፈተናው በዘጠነኛው ቀን ነበር። እያንዳንዳችን ለሙከራ የመጡ የከተማዋን ሰዎች እናሠራለን፤ መምህርታችን መሠረት ዳር ቆማ ትመዘግባለች። ለእኔ የደረሱኝ አቶ ሌዳሞ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው አጥሩ ላይ ሰቅለው መጡ። እንደ ወጉ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ካሟሟቁ በኋላም፣ ቁጭ ብድግ ስናደርግም ጠየቅኩ፤ መልሱ ያው ነው። በርቱ፣ አይዞዎት እያልኩ ቀጠልኩ። ስድስተኛው ላይ ፊሽካ ተነፋ።

መሠረት መጥታ የአቶ ሌዳሞን ክንድ ይዛ አስቀመጠቻቸው። ቀኝ ጉልበታቸው አብጧል።

«ጠይቄያቸው ነበር» አልኩ።

«ሰላምታ ነው ያቀረቡላቸው፣ ጋሽ ታምሩ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ደህና ነዎት ሲባል እዚህ አገር አሞኛል የሚል ሽማግሌ ያውቃሉ? የት ጋ ነው የሚያምዎት ብለው ይጠይቁ። ፊታቸውንም ይዩ።»

ወረቀቴ ላይ አልፈረመችም። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ድጋሚ ይሞክሩ አለችኝ። አቶ ሌዳሞ በእኔ ምክንያት ፈተናውን ወደቀ ብለው አዝነው ይቅርታ ሲጠይቁኝ የምገባበት ጠፋኝ።

አሥር ሰዓት፣ አሞራ ገደል

ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ አዘዝኩና ግማሹን ተውኩት። አባ ኮዳዎቹ፣ ትላልቆቹ የሐይቁ ወፎች፣ ትርፍራፊ ሊለቅሙ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እነሱ ቢያንስ የሚፈልጉትን አይደብቁም። ዘነበች ደወለች። ወገቤ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብዬ መቆም አቅቶኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እየተባልን አድገን ሁላችንም ደባቂዎች ነን። አልጋ ላይ ሳለሁም ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይመስገን እል ነበር፤ ሰው ሲወጣ ነው ትራሱን የምነክሰው። ይህን የማውቅ ሰው የአንድ አዛውንትን «ይመስገን» እንዳለ አምኜ መቀበሌ አሳፈረኝ። በዚያ ላይ የዲላዎቹን አሥራ አንድ «ይመስገን»ዎች ስንት ዓመት አምኜ ስቆጥር እንደኖርኩ ማን ያውቃል?

በማግስቱ አቶ ሌዳሞ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከእኔ ቀድመው ተገኙ። ሰላምታውን ጨርሰን፣ እኔም ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበትዎ መቼ ነው የሚብስብዎት አልኳቸው። መሠረትን አዩ፣ አጥሩን አዩ።

«ደረጃ ስወርድ» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቼም አያውቁም።»

ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸውና ሩብ ሰዓት ያህል ትከሻና ክንድ ብቻ አሠራኋቸው። አንዴም በርቱ አላልኩም። መሠረት ፈረመች።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዲላ

በመልሱ ጉዞ ስለ ሾፌሩ ምንም አላልኩም፤ ደክሞኛል። ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ደረቴ ላይ ይዤ ቤቴ ደረስኩ። ዘነበች ቦርሳዬን በግራ እጇ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን አየችና ሳቀች፤ ነገ ሁሉም ሜዳው ላይ ይጠብቁሃል አለችኝ። ደህና ነሽ? አልኳት። ደህና ነኝ፣ ይመስገን አለች።

ቦርሳ በቀኟ ነበር የምትይዘው። ከመቼ ጀምሮ እንደቀየረች ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

ቦርሳውን አስቀመጠች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ግራ እጇን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ» አለች። «አንተን ማንሳት ከጀመርኩ ጀምሮ።»