«ተጫወቱ» ያልኳቸው አዛውንት

ሲያትል፣ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከቼሪ ጎዳና ጀርባ ባለ አሮጌ ቤት፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት አስታምም ነበር። ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፏል። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላትና መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታቸው ሊገድለኝ ደረሰ። እኔ ደግሞ አፉን ዘግቶ ከሚውል ሰው ጋር መዋል አልችልም። እኛ ቤት እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወቱ እንጂ» ነው የሚባለው። በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ፕሌይ፣ አባባ፣ ፕሌይ!» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነገረሽ?» አሉ።

ማንም አልነገረኝም። ለካስ በወጣትነታቸው ቤዝቦል ተጫዋች ኖረዋል። ጥቁር ከነጭ ጋር እንዳይጫወት በተከለከለበት ዘመን፣ የጥቁሮች ብቻ በነበረው ሊግ።

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው አላልቅ አለ። ሆቴል አያስገባቸውም፤ አውቶቡስ ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ምግብ የሚሸጥላቸው በጓሮ በር ነው። ሊጉ ሲፈርስ ሲያትል መጥተው እስከ ጡረታ አውሮፕላን ፋብሪካ ሠሩ። ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው የምትኖረው ልጃቸው ስትመጣ ግን ስለ ኳስ ትንፍሽ አይሉም። «የሽማግሌ ቅዠት ይመስላታል» አሉኝ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ቆየን። አንድ ቀን የዚያ ሊግ ተጫዋቾች ከነጮቹ እኩል በዋናው የቤዝቦል መዝገብ ላይ መስፈራቸውን ከቴሌቪዥን ሰሙ። «ስልክሽን አውጪና ስሜን ፈልጊ» አሉኝ። ፊደል በፊደል እየነገሩኝ ጻፍኩ። የለም። በሌላ አጻጻፍ ሞከርኩ።

«የለም፣ አባባ።»

«ጋዜጠኛ መጥቶ ያልመዘገበው ጨዋታ ብዙ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ግን መጫወቴን ታምኛለሽ፣ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» ለማለት ምን ቸገረኝ? ዓይኔን ከስልኩ አላነሳሁም። እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ስማቸውን እንደገና እፈልግ ነበር። «አዎ» ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ መዘግየቴንም ሰምተዋል። እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ እጃቸውን አጥብ ጀመር። እሳቸው የሚጫወቱት ቁጢጥ ብለው፣ ወርዋሪው ባለ በሌለ ኃይሉ የሚለቀውን ኳስ እየተቀበሉ ነበር። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተጣመዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣት በጣት ሳጥባቸው ሪህ ነው ብዬ ነበር።

«ይሄኛው የት ተሰበረ፣ አባባ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከውሃው አወጡና «ተይው፣ ራሴ እታጠባለሁ» አሉኝ።