ለምረቃ ሲባል የጠፋው ማሽን

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራው ረድኤት ሻይዋን በአንድ እጇ እንደያዘች አንድ ቨርቹዋል ማሽን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው አዛወረች። «አለቀ ጋሼ፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች እንኳ አላወቁም» አለችኝ እየሳቀች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ምስኪን፣ እሷን የተቆጣሁ መሰላት።

ነገሩ የቆየ ነው። ወጣት ሆኜ ሆሳዕና በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። መስከረም ቢጠባም ዝናቡ አላባራም፤ ከዙሪያው ከሌሞ ወረዳ የሚመጡ ጋሪዎች ጭቃውን እስከ ግቢያችን በር ያመጡት ነበር። የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ምዝገባውን የያዘው አሮጌ ሰርቨር በእጅ እስከማይነካ ድረስ ጋለ።

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራውን ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ሰርቨር ሊሄድ ይችላል። የአገራችን ሰው በሽተኛ በቃሬዛ ሲያመጣ መንገድ ላይ ትከሻ ይቀያየራል እንጂ በሽተኛውን መሬት አያስቀምጥም። እንደዚያ ነው። እኔም ምዝገባው የሚሠራበትን ቨርቹዋል ማሽን አዲስ ወደተገዛው ሰርቨር አዛወርኩት፤ ከተመዝጋቢዎቹ ቀና ብሎ ያየ የለም።

ከነሱ አንዷ ለነርስነት የተመረጠችው ሙና ነበረች። መኪናቸውን ጭቃ ይዞት ከቦኖሻ ገና መድረሳቸው ነው። አባቷ አቶ ከድር የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ኮታቸው በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ከኋላዋ ቆመው «ቀስ ብለሽ ጻፊ» ይሏታል።

ከሰዓት በኋላ እንግዶች አዲሱን ሰርቨር ሊመርቁ ሊመጡ ነበር። የኮሌጁ ዲን ሪባን አስይዞ ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል ገባና አረንጓዴውን መብራት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው ያበራው? እንግዶቹ ፊት ነው የሚበራው! አጥፋው!»

«ምዝገባው እኮ እዚህ ላይ ነው ያለው። አሮጌው ሊቃጠል ሲል አዛወርኩት። እባክዎ፣ ከጠፋ ሁሉም ይቆማል።»

«መቼ ተዛወረ? ማን ሲሸከመው አየን?» ብሎ ሳቀ። ተከታዮቹም ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን በገዛ እጁ ነቀለው።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ይሄ ግን ማንም አወቅህ ሳይለው ነው ያጠበው።

ተመዝጋቢዎቹ በአንድ ላይ ጮኹ። ኋላ ሪባኑ ተቆርጦ ማሽኑ በጭብጨባ በራ፤ ምዝገባው ግን በድንገት በመቋረጡ ተበላሽቶ አልነሳም አለ። እንግዶቹ ቆጮና ክትፎ ሲበሉ እኔ እያላበኝ እጠግን ነበር። ሲነሳ የመዝጊያው ሰዓት አልፏል፤ ሙናም ሳትመዘገብ ቀረች።

አባትና ልጅን ይዤ ዲኑ ዘንድ ሄድኩ። አፉን እየጠረገ «መዝጊያው ዛሬ ነው፤ ለከርሞ ትምጣ» አለ። የዘንድሮ መመረጧ ለከርሞ እንደማያገለግል አሳምሮ ያውቃል! ቦታዋ ለተጠባባቂ ተሰጠ። አቶ ከድር ስንወጣ ትከሻዬን ይዘው «አንተስ ምን ታደርግ፣ ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለረድኤት ነገርኳት። «ሙናስ?» አለችኝ። በርበሬ ትነግዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ንግዱ ቀንቷት ይሆናል፤ ግን ነርስ ልትሆን የነበረች ልጅ ናት። እኔም አልበረደልኝም። ዛሬም የሆነ ነገር ሊመረቅ ነው ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ለዚህ ሲሉ ምኑን ሊያጠፉት ነው ብዬ ነው።