ልጄ በምሽት ታያለች

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልመሰክር ቆሜያለሁ። ሽማግሌዎቻችን ጠርተውኝ የስልኩን ነገር ተወው፣ ስለ ጸሎቱ ብቻ ተናገር ብለውኛል። አልተውም። ግማሹን የሚደብቅ ምስክር ውሸታም ነው። ጌታ ይባረክ።

የተወለድሁት አምባ ጊዮርጊስ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፒያሳ በረንዳ ላይ ሬዲዮ እየፈታሁ ማንበብን ራሴን አስተማርሁ። ፈትቼ ያላየሁትን አላምንም የምል ሰው ነበርሁ። ጌታ ያንን ትዕቢቴን ሰብሮ አዳነኝ። ስሙ ይክበር።

ልጄን ሊዲያን ታውቋታላችሁ። ኩፍኝ ከያዛት በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። እሑድ በአምልኮ ሰዓት እዚህ መድረክ ላይ አቁመናት ጸለይን። አንዱ ሽማግሌያችን እጃቸውን ዘርግተው ስንት ጣት እንደሆነ ጠየቋት፤ አምስት አለች። አጨበጨባችሁ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ተፈወሰች ተብሎ ታወጀ። ወገኖቼ፣ ረፋድ እኮ ነበር። ሊዲያ በረፋድ መቼ ተቸግራ ታውቃለች?

የዚያኑ ቀን ሲመሽ ከአጥር ጋር ተላትማ ግንባሯ ደማ። ያነሳቻት ሰሚራ ናት፤ የጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ሙስሊም፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠና። በማግሥቱ ስልኳን ይዛ መጣች። እሷና ጓደኞቿ የታመሙና የጤነኛ ልጆችን ዓይን ፎቶ በብዛት እያሳዩ፣ ስልኩ በምሽት ማየት የሚከለክለውን የቫይታሚን ኤ እጥረት ገና በጅምሩ እንዲለይ አስተምረውታል። ማሽን ለርኒንግ ይሉታል።

«እኔ በሽቦ መካከል ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዕቃ አይማርም» አልኋት።

«እንግዲያው ይሳሳትና ይሳቁብኝ፣ ጋሼ» አለች።

ሁለቱንም ልጆቼን ፎቶ አነሳች። ስልኩ ሊዲያ እጥረት አለባት አለ፤ ታላቅ ወንድሟም አለበት አለ። ሽማግሌው ይህን ሰምተው ቤቴ መጡ። ተፈውሳለች ብለን አውጀን ሐኪም ቤት ብትወስዳት ጌታን ታሳፍራለህ አሉኝ።

«ጌታ በልጄ ዓይን አያፍርም፤ የምናፍረው እኛ ነን» ብዬ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ።

ሐኪሟ የወንዱን ልጅ ዓይን አይታ ምንም የለበትም አለች። ስልኩ በእሱ ተሳስቷል፤ ይህንንም አልደብቅም። በሊዲያ ግን አልተሳሳተም።

«አባባ፣ ብሌኗ ሳይቆስል ደርሰዋል» አለችኝ። «ከቆሰለ በኋላ ቢመጡ ኖሮ ዓይኗን አልመልስልዎም ነበር።»

የቫይታሚን ኤ እንክብል ሰጠቻት፤ እንቁላል፣ ጎመንና ካሮት እንዳይጎድልባት አዘዘች። ሃሌ ሉያ።

ይህ የሰው ሥራ ነው የምትሉ፣ ለሰሚራ አእምሮ የሰጣት ማን ነው? ጸሎቱ አልተሰማም የምትሉም ተሳስታችኋል። ተሰምቷል። እኛ መልሱን በመድረክ በኩል ስንጠብቅ ጌታ በአጥር በኩል ላከው። ስሙ ይባረክ።

እሑድ ረፋድ መመስከር እምቢ ብዬ የምሽቱን ፕሮግራም የለመንሁት ለዚህ ነው። መብራቱን አጥፉልኝ። በመስኮት የሚገባው የመንገድ መብራት ይበቃታል። ሊዲያ፣ ከኋላ ወንበር ተነሽና ወደ አባትሽ ነይ። ማንም እጇን እንዳይይዝ። አንተ ወንድሜ፣ መተላለፊያው ላይ የዘረጋኸውን እግር አትሰብስብላት፤ ራሷ አይታ ትለፈው።

መጣች። እጇ እጄ ውስጥ ነው። በጌታ ታመኑ፣ ወገኖቼ። ልጆቻችሁንም ከመሸ በኋላ እዩዋቸው።